ሎኮን ያስጠሯት ስም

ባለፈው ሳምንት ጉልበቴ አስቸግሮኝ ዲላ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። የልጄ ልጅ ክንዴን ይዛ ካርድ ከሚወጣበት መስኮት ፊት አሰለፈችኝ። ከፊቴ የቆሙት አንዲት የገጠር ሴት ነበሩ፤ ነጠላቸውን እስከ አፋቸው ተከናንበዋል። መስኮቱ ውስጥ ያለው ልጅ ክፉ ልጅ አይደለም፤ እንዲያው ሰው በዝቶበት ቸኩሏል።

«እማማ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?» አላቸው።

ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው በመስኮቱ ቀዳዳ አንድ ነገር አሉ።

«አልሰማሁም። ጮክ ብለው ይናገሩ።»

ሰልፉ ሁሉ ዞር ብሎ አያቸው። እሳቸውም ወደ መሬት አዩ። እኔ ደግሞ አፌ ውስጥ መራራ ምራቅ ሞላብኝና ሰልፉን ትቼ ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ተከትላኝ መጣች። «አባባ፣ ምነው? ተራችን እኮ ደርሶ ነበር» አለችኝ። «ትንሽ ልረፍ» አልኳት። የመረረኝ የዛሬው አልነበረም፤ ከስንትና ስንት ዓመት በፊት የዋጥኩት ነው።

ጣሊያን ዲላ ከገባ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። እኔ አሥራ ሰባት ወይም አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ በቤታችን የልደት ቀን የሚጽፍ ሰው አልነበረም። ቤታችን ዲላ አጠገብ ካለው ከጪጩ በላይ ኮረብታው ወገብ ላይ ነው። ከቤቱ ጀርባ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከሁሉም በላይ ትልልቅ ዛፎች ጥላቸውን ጥለው ይቆማሉ። በዝናብ ጊዜ የእንሰቱ ቅጠል ላይ የሚወርደው ውሃ ሌሊትና ቀን ሲያወራ ይሰማል። ያን ዓመት ግን ቤቱ ጭር ብሎ ነበር። ታላቅ ወንድሜን ጅግሶን ለመንገድ ሥራ ወስደውት ወናጎ በኩል ድንጋይ ይፈልጥ ነበር። እናቴ ከሞተች ቆይታለች። የቀረነው አባቴ፣ እኔና የወንድሜ ሚስት ሎኮ ነን።

ሎኮ ካገባች ዓመት አልሞላትም። ሳቋ የሚቀድማት ሴት ነበረች፤ ከጓሮ ስትስቅ ከመንገድ ይሰማ ነበር። አባቴ ደጃፍ ላይ ሲቀመጥ ግን ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። በእኛ በጌዴኦ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፣ እንደ ስሙ የሚጀምረውንም ቃል ትሸሸዋለች። አባቴ ዋሪዮ ይባል ነበርና ሎኮ ቆጮውን እንደ እኛ «ዋሳ» አትለውም፤ «ያ የሚቆረሰው» ነበር የምትለው። እኔንም ስም አውጥታልኝ «ምርኩዜ» ትለኝ ነበር። ይህን ደንብ በዱላ የሚያስጠብቀው ሰው የለም። ሙሽራዋ ቅቤ ተቀብታ ቤቱ ስትገባ እሷው ራሷ የምትይዘው ክብር ነው። እሷ የእሱን ስም ትጠብቃለች፣ እሱ ደግሞ እሷን ይጠብቃል።

ጥቅምት ላይ ነው፤ ቡናው መቅላት ጀምሯል። ሎኮ እንሰት ትፍቅ ነበር። የሠራ ያውቀዋል፤ ቅጠሉ የሚበቅልበትን ወፍራም ግንድ ሰንጥቆ ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ አስደግፎ፣ በአንድ እግር ደግፎ፣ በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች መግፋት ነው። መፋቂያው አርጅቶ ነበርና ከጠርዙ አንድ ስንጣሪ ወጥቶ አውራ ጣቷ ሥር ገባ። ነቅላ ጣለችው፤ ሥራዋንም ቀጠለች። በሦስተኛው ቀን መዳፏ አበጠ። ቅጠል ጨምቀን አደረግንላት፣ የሞቀ ቅቤ አፈሰስንበት። የሰፈራችን ቁስል አዋቂ መጥቶ አገላብጦ አየና «ይህ ከእኔ አቅም በላይ ነው። ጣሊያኖቹ ዲላ ላይ የሚወጋ መድኃኒት አላቸው ይባላል፤ ውሰዷት» አለ።

ሐኪም ቤት ለመግባት ደግሞ ወረቀት ያስፈልጋል። ወንድሜ ሲወሰድ የሰጡን አንድ ወረቀት ነበረን፤ ከዚህ ቤት ሰው ለመንገድ ሥራ ወጥቷል የሚል። በላዩ የወንድሜና የአባቴ ስም፣ ከታች ማኅተም አለበት። አባቴ ከጣሪያው ቀርከሃ መካከል ሸጉጦት ነበር። ያኔ ማንበብ የሚችል በቤቱ ባይኖርም እንዳይርስ ይጠነቀቅለት ነበር። አወጣና በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ማለዳ ወጣን። ካፊያ ነበር፤ ቀዩ ጭቃ እግር ይዞ አይለቅም። ሎኮ የታመመውን እጇን ከፍ አድርጋ ደረቷ ላይ ይዛ ከኋላዬ ትመጣለች። መንገድ ዳር ቡና የሚለቅሙ ሴቶች ሲያይዋት ሥራቸውን ያቆማሉ። አንዷ ብቻ «ምነው፣ ሕፃን ነው የታቀፍሽው?» አለቻት፣ ልታስቃት። ሎኮም «አዎ፣ ሌሊቱን ሲያለቅስብኝ ያድራል» ብላ ሳቀች። ከዚያ በኋላ የሳቀችበትን ቀን ለማስታወስ ሩቅ መሄድ አለብኝ።

ሐኪም ቤቱ በሽቦ የታጠረ ቆርቆሮ ቤት ነው። ሁለት በር ነበረው። አንዱ ለጣሊያኖቹና ለወታደሮቻቸው፣ ሌላው ለእኛ። በእኛ በር በኩል መቀመጫ የለም፤ ያለው ጭቃ ነው። ከቁስል የተፈታ ጨርቅ አጥሩ ሥር ይጣላል፤ ውሾች ይጎትቱታል። ሰው እዚያው መካከል ቁጭ ብሎ ተራውን ይጠብቃል፤ እዚያው ያስመልሳል፣ እዚያው ይተኛል። ሕክምናው ያለበት ቤት አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ነው። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ያ ሽታ ይመጣብኛል።

በእኛና በበሩ መካከል አስተርጓሚው ጠረጴዛ ዘርግቶ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። የሰውየውን ስም አልጽፈውም፤ ልጆቹ ዛሬም ከተማው ውስጥ አሉ፣ ደግ ሰዎች ናቸው። ነጭ ቆብ አድርጎ ሸንኮራ ይመጥጣል፤ የመጠጠውን ደግሞ እኛ እግር ሥር ይተፋዋል። ወረቀቱን ተቀበለኝና አነበበው።

«የማን ሚስት ናት?» አለ በአማርኛ።

«የጅግሶ ዋሪዮ ናት፣ ጌታዬ። እኔ ወንድሙ ነኝ።»

«አንተን ማን ጠየቀህ? እጅህ ቆስሏል?»

«የለም፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ዝም በል። አንዱን ወረቀት ሃያ ሰው ይዞት ይመጣል። ዛሬ የዚህ ሚስት፣ ነገ የዚያ እህት። ባለወረቀቷ መሆኗን በገዛ አፏ ትናገር። አንቺ፣ የባልሽ አባት ማን ይባላል?»

ሎኮ አማርኛ እምብዛም አታውቅም፤ ይህን ግን ገባት። ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«ጌታዬ፣ በአገራችን ያገባች ሴት የአማቷን ስም አትጠራም» አልኩ። «ነውር ነው።»

«እንዲህም አለ?» አለ ቅንድቡን ሰቅሎ። በሩ ላይ ወደቆሙት ሁለት አስካሪዎች ዞረ። «ሰማችሁ? ስም አልጠራም ብላለች። ለካ የታመመው ምላሷ ነው።»

ከሩቅ አገር የመጡ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች ናቸው፤ ሳቁ። እኔ ሞኙ ሰውየውም እንደነሱ ከሩቅ የመጣ መሰለኝ። ስላላወቀ ነው ብዬ ደንቡን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳው ጀመር። የሙሽራዋን ቅቤ፣ የምትሸሻቸውን ቃላት፣ ሁሉን። ሸንኮራውን እየመጠጠ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ ወደ ሎኮ ጎንበስ አለና በገዛ ቋንቋችን፣ ያውም ከእኛ ማዶ ባለው ኮረብታ አነጋገር፣ «ሂጂ። ስትለማመጂ አድረሽ ነገ ነዪ» አላት።

ክው አልኩ። ያስረዳሁት ነገር ሁሉ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነበር።

ስንመለስ ሎኮ መንገድ ላይ ቆመች። «ምርኩዜ፣ ለሽማግሌው እንዳትነግር። በእኔ ምክንያት ስሙ በአስካሪ ፊት መሳቂያ እንደሆነ ካወቀ ዓይኑን አላየውም።»

አባቴ ደጃፉ ላይ ይጠብቀን ነበር። «ምን አሏችሁ?» አለኝ። «ሰው በዝቶ ተራ አልደረሰንም» አልኩት። እንዲህ ብዬ ዋሸሁት፤ በዚህች ውሸት አንድ ቀን ሄደ።

በማግስቱ ስንወርድ ልቤን አጠንክሬ ነበር። እጇ እንደ ሰው ጭንቅላት አብጧል፤ ስትራመድ ጥርሷ ይንገጫገጫል። «ዛሬ ጥሪውና እንገላገል» አልኳት። «ማጌኖ ከላይ ያያል። ሕመም እንደሆነ ይገባዋል።» ማጌኖ ፈጣሪን የምንጠራበት ስም ነው።

«ማጌኖማ ይገባዋል» አለች። «የማይገባኝ እኔ ነኝ። አንዴ ከአፌ ካወጣሁት ማታ እሱ ፊት ማዕድ የማቀርበው ምን ሆኜ ነው?»

«ስም እኮ ነው፣ ሌላ ምን አለው?»

«አንተ አልተቀባህም» አለችኝ።

ሰልፉ እንደ ትላንቱ ነው። ተራችን ሲደርስ ሰውየው ገና ከሩቅ አይቶ ፈገግ አለ። «እህ፣ ተማርሽ?» አላት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች። ያኔ እኔ ጮህኩባት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ታላቄ የሆነችውን ሴት፣ «በይው እንጂ፣ እጅሽ ሲቆረጥ ደስ ይልሻል?» አልኳት። ሎኮ አየችኝ። ከዚያ አፏን ከፈተችና «ዋ…» አለች። ቃሉ አንቋት ቀረ። ጎንበስ አለችና አስመለሳት፤ ባዶ ሆዷን ነበርና የወጣው ቢጫ ውሃ ብቻ ነው።

አስተርጓሚው ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ «ዋ… ዋ… ዋ…» እያለ እንደ ቁራ ጮኸ። አስካሪዎቹ እየሳቁ ተቀበሉት። ከሰልፉም ጥቂት ሰው ሳቀ፤ ስለፈሩም ይሁን አስቂኝ ሆኖባቸው አላውቅም። «ቀጥሎ» አለና ወረቀቱን ወደ እኔ ወረወረው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አባቴ ጠጋ ብሎ አያት። የእንሰት ጉድጓድ ሲከፈት የሚሸተውን ሽታ እኛ እናውቀዋለን፤ የምግብ ሽታ ነው፣ አያስከፋንም። የእጇ ሽታ ሌላ ነበር። ቀይ መሥመር ከመዳፏ ተነሥቶ ክርኗን አልፏል። አባቴ ወደ ውጭ ጠራኝ።

«ሰው በዝቶ ነው?» አለኝ።

ሁሉን ነገርኩት። «ያ ሰው የማን ልጅ ነው?» አለ። ሰልፉ ላይ የሰማሁትን ነገርኩት።

«አባቱን አውቀዋለሁ። ልጁ ራሱ ሲያገባም ሠርጉ ላይ ነበርኩ፤ ሚስቱን ቅቤ ሲቀቧት አይቻለሁ። የእሱ ሚስት የአማቷን ስም ጠርታ ታውቃለች?»

«እኔ እንጃ፣ አባቴ።»

«አትጠራም» አለና ተመልሶ ወደ ቤት ገባ።

በሦስተኛው ቀን ሎኮ መራመድ አልቻለችም። ጎረቤቶች ቀርከሃ ቆርጠው ቃሬዛ ሠሩ፤ አራት ሆነን ተሸከምናት። አባቴ ቡሉኮውን ለብሶ ከፊት ከፊታችን ሄደ። እሱ ወደ ከተማ የሚወርድ ሰው አልነበረም፤ ጣሊያን ከገባ ወዲህ ዲላን አልረገጣትም። በሩ ስንደርስ ቃሬዛውን ጭቃው ላይ አስቀመጥን። አባቴ ወደ አስተርጓሚው አላየም፣ ሰላምታም አልሰጠው። ከአጥሩ ሥር እርጥብ ሣር ነጭቶ መጣና በሎኮ ደህና እጅ ላይ ለምርቃት አኖረላት።

«ሎኮ፣ ልጄ» አለ። «ክልክሉን አንስቼልሻለሁ፤ ሰው ሁሉ ይስማ። ስሜ ከእጅሽ አይበልጥም። ጥሪው።»

ከዚያ ጀርባውን ሰጣት። ስትጠራው ፊቱን እንዳታይ ቡሉኮውን በራሱ ላይ ተከናነበና ቆመ። ውሾቹ ጨርቁን ሲጎትቱ ብቻ ይሰማል።

«ዋሪዮ» አለች፣ በሹክሹክታ።

«አልሰማሁም» አለ አስተርጓሚው።

«ዋሪዮ።»

«ሰልፉ መጨረሻ ያለው ሰው ይስማ እንጂ።»

ሎኮ ከቃሬዛው ላይ ቀና አለችና ጮኸች። ትኩሳት ያነደደው ሰው የሚጮኸውን ጩኸት። አባቴ ቡሉኮውን ይበልጥ ወደ ፊቱ ሲስብ አየሁ። እኔ ልጁ ነኝ፤ ስሙ ያን ያህል ሲያሳፍረው አይቼ አላውቅም። አስተርጓሚው እጁን በሱሪው ጠረገና «ግቡ» አለ። ያን ጊዜ እንኳ ደስ ብሎት አልነበረም፤ ጨዋታው ያለቀበት ሰው ነበር የሚመስለው።

ውስጥ የነበረው ሐኪም እጅጌውን የሰበሰበ፣ ሲጋራ ከከንፈሩ የማይለይ ረጅም ጣሊያናዊ ነው። እኔ ወረቀቱን በሁለት እጄ ዘረጋሁለት። ያ ሁሉ የሆነው ለእሱ ይታይ ተብሎ ነዋ። ሐኪሙ ወረቀቱን ተቀበለ፤ አላየውም። ጠረጴዛው ላይ አነጠፈውና የሎኮን እጅ በላዩ አስቀመጠ። ሲቀደው መግሉ በወንድሜና በአባቴ ስም ላይ ፈሰሰ። ወረቀቱ በመግል ሲሞላ ጨብጦ ከጠረጴዛው ሥር ካለው ባልዲ ውስጥ ጣለው። ማን እንደሆነች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልጠየቀም።

አንድ ነገር በቋንቋው አጉተመተመ። አጠገቡ ውሃ የሚይዘው ረዳት «ለምን ከሁለት ቀን በፊት አላመጣችኋትም፣ በመርፌና በትንሽ ቀዳዳ ያልቅ ነበር ይላል» ብሎ ተረጎመልኝ። አውራ ጣቷንና ጠቋሚ ጣቷን ቆረጣቸው። ሎኮ አልጮኸችም። ጩኸቷን ደጅ ጨርሳው ነበር።

ዳነች። ስንመለስ አባቴ ከቃሬዛው ተሸካሚዎች አንዱን ገፋ አድርጎ የፊቱን ጫፍ እሱ ያዘ። ግን ከዚያ በኋላ ሎኮ አባቴ ባለበት መውጣት ተወች። ከቀርከሃው ግርዶሽ ጀርባ ሆና ምግብ በእኔ እጅ ትልካለች። ወሩ እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን አባቴ ከምድጃው ማዶ ተቀምጦ ወደ ግርዶሹ «ሎኮ፣ ያ የሚቆረሰው አለ?» ብሎ ተጣራ። የራሱን ስም እሱም ሸሸላት ማለት ነው። በኋላ ገበታውን በግራ እጇ ይዛ ወጣችና ፊቱ አስቀመጠች። ከዚያ ወዲህ እሱ እስኪሞት ድረስ በዚያ ቤት «ዋሳ» ብሎ የተናገረ ሰው አልነበረም፤ ወንድሜም ሲመለስ እንዲሁ ለመደ። እንሰት መሰንጠቁንና መፋቁን የሰፈር ሴቶች ተራ ገብተው ለሎኮ ሠሩላት፤ እሷ ደግሞ በቀሩት ሦስት ጣቶቿ ሰሌን መሥራት ተማረች።

ጣሊያን ወጣ። አስተርጓሚው ግን የትም አልሄደ። ዲላ ገበያ ዳር ጨውና አቡጀዲ ይሸጥ ጀመር፤ ሽማግሌ ሆኖ ሰው ያስታርቃል፣ ለቅሶ ይደርሳል። ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ የገበያ ቀን ጨው ልገዛ በሱቁ በኩል ሳልፍ ለየኝ። እንደ ወዳጅ እጄን ያዘኝ።

«የጪጩው ልጅ አይደለህም? ያቺ ዲዳ ሴታችሁ እንዴት ናት? ዋ… ዋ…» አለና ሆዱን ይዞ ሳቀ።

እኔም ሳቅኩ።

ለምን እንደሳቅኩ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ያን ጊዜ የማንም ወታደር በላዬ አልነበረም፤ ጠመንጃ አልነበረም። ሰው ሲስቅብህ አብረህ መሳቅ የለመደ ፊት ነበር የነበረኝ፣ እሱው ቀደመኝ። ጨውንም ከእሱው ገዛሁ። ቤት ወስጄ ለሎኮ ሰጠኋት። «ጥሩ ጨው ነው፤ ከየት አገኘኸው?» አለችኝ። «ከገበያ» አልኳት። ወጡ ውስጥ ጨመረችው፣ ሁላችንም በላን።

ሎኮ ካረፈች ዓመታት ሆነ። ሰዎች ስለ ጣሊያን ጊዜ ሲጠይቁኝ ስለ መድፉና ስለ አውሮፕላኑ እንድነግራቸው ይፈልጋሉ። እኔ ግን ያን ዘመን ባሰብኩ ቁጥር የሚያቅለሸልሸኝ ያ ጠረጴዛ ነው። መድኃኒቱ ነበረ፣ ሐኪሙም ነበረ፤ በመካከል አንድ የራሳችን ሰው ተቀምጦ፣ ማንም ያላዘዘውን ጥያቄ እየጠየቀ፣ ሸንኮራውን ይመጥጥ ነበር።

ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ሆነን ልጅቷ ደጋግማ ስትጠይቀኝ ይህን ታሪክ ነገርኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ «አባባ፣ አንተማ ተሸክመህ ያዳንካት ነህ» አለችኝ። ጨውና ሳቁ ላይ ስደርስ ዘልዬው ነበር። ለዚህ ነው እዚህ የጻፍኩት።